ለልምምድ ሴሚስተር የሚወጡ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎችን ማዘጋጀት

ጥያቄ፦ «በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና መምህር ስሆን ዘንድሮ የኢንተርንሺፕ አስተባባሪ ሆኜ ተመድቤአለሁ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት 86 የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ግቢውን ለቀው ሴሚስተሩን በግንባታ ቦታዎች ያሳልፋሉ። ከአምናዎቹ ብዙዎቹ ‹ተቀምጠን ዋልን› እያሉ ተመለሱ፤ ሪፖርታቸውም አንዱ ከሌላው የተቀዳ ነበር፤ ሁለት ሴት ተማሪዎች ደግሞ ልምምዱን አቋርጠው መጡ። ትምህርት ክፍሉ ከመውጣታቸው በፊት የግማሽ ቀን ገለጻ ለመስጠት አስቧል። ይህ ይበቃል? ካልበቃ፣ አሁን ኅዳር ላይ ሆኜ ምን ልጀምር?»

ምላሽ፦

የግማሽ ቀኑ ገለጻ አይበቃም። ደብዳቤ ለማደል፣ የውጤት አሰጣጡን ለማስረዳትና ስልክ ለመለዋወጥ ይጠቅማልና አይቅር፤ ዝግጅት ብለን ልንጠራው ግን አንችልም። ተማሪዎችን ለልምምድ በመላክና ሲመለሱ ሥራቸውን በመገምገም ባሳለፍኋቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር ሴሚስተሩ የሚባክነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ መሆኑን ነው። ሳይት ኢንጂነሩ ሥራ የተደራረበበት ሰው ነው፤ አዲስ የመጣውን ተማሪ አየት አድርጎ ይመዝነዋል፤ የሚያግዘው ከመሰለው ሥራ ያቀብለዋል፤ ተጨማሪ ሸክም ከመሰለው ግን «እስቲ ለጊዜው ዞር ዞር እያልክ ተመልከት» ይለዋል። ያ «ለጊዜው» እስከ ሰኔ ይዘልቃል። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ የሚደረገው ዝግጅት ሁሉ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ላይ ያነጣጠረ ቢሆን ይሻላል እላለሁ።

ተማሪን ከግቢ አውጥቶ ማስተማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን) በአንድነት ያሠለጥን ነበር፤ ሠልጣኞቹም እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በቡድን ይሠሩ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን መርሐ ግብር ሲጀምር ደግሞ ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን ለማግኘት አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ግድ ሆነባቸው፤ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሆኑ። ሁለቱን ያነሣኋቸው ለታሪክ ብዬ አይደለም። በሁለቱም የወጣው ተማሪ የሚቀመጥበት ወንበር ነበረው፤ ነርሷን ሕመምተኛ፣ አስተማሪውን ክፍል ሙሉ ተማሪ ይጠብቃቸው ነበር። የእኛ የኢንተርንሺፕ ተማሪ ግን ጎብኚም ሠራተኛም ያልሆነ፣ ማንም ያልጠበቀው ሰው ሆኖ ነው ከሳይቱ በር የሚደርሰው። ወንበሩን ራሱ እንዲያበጅ ካላስታጠቅነው ቆሞ ይውላል።

ወንበር የሚያበጅለት ምንድን ነው ካሉኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሠራው የሚችል፣ ለተቀባዩ ድርጅት ትርፍ ያለው አንድ ሙያ ነው እላለሁ። እኔ የምመርጠው የብረት አቆራረጥ ዝርዝር ማዘጋጀትን ነው። ምሳሌ ልስጥዎ። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ)፣ የ2.5 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ሽፋን ሲነሣለት፣ ስታፋው፣ ማለትም የኮለኑን ዘንጎች ዙሪያውን የሚያቅፈው ማሰሪያ ብረት፣ በየጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ዙሪያው 1 ሜትር፣ ለሁለቱ መንጠቆዎች 20 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት የአንዱ ስታፋ የመቁረጫ ርዝመት 1.20 ሜትር ይመጣል። ባለ 12 ሜትር የሆነው የ8 ሚሊ ሜትር ፌሮ እንግዲህ ምንም ሳይተርፈው ዐሥር ስታፋ ይወጣዋል። ፌራዮው (ብረት ቆራጩና አሳሪው ሙያተኛ) በልማድ 1.25 እየቆረጠ ከሆነ ግን ዘጠኝ ብቻ ይወጣና 75 ሳንቲ ሜትር ቁርጥራጭ ይጣላል፤ ይህም በአንድ ዘንግ 300 ግራም ያህል፣ በመቶ ዘንግ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ብረት ማለት ነው። ይህንን ስሌት በወረቀት ሠርቶ ለኦፊስ ኢንጂነሩ ያሳየ ተማሪ በማግሥቱ ሌላ ፕላን ይሰጠዋል። ስሌቱ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ተማሪዎቻችን የሚወድቁት ከንድፈ ሐሳቡ ላይ ሳይሆን በእውነተኛ ፕላን ላይ ሠርተውት ስለማያውቁ ነው። እንግዲህ በከተማው ካለ አንድ ሥራ ተቋራጭ ጥቅም ላይ የዋለ፣ የቆሸሸና በእስክሪብቶ የታረመ ፕላን ለምነው ያግኙ። የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል አያምጡ። ከታኅሣሥ እስከ ጥር አጋማሽ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በዚያ ፕላን ላይ ብረት፣ አርማታና ብሎኬት ቢያሰሏቸው ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ተራ ቢመስልም ብዙ ተማሪ ያሸማቀቀ ነው፤ ቋንቋ ማለቴ ነው። ተማሪው ከሦስት ዓመት በላይ በእንግሊዝኛ ተምሮ ሲወጣ የሚያገኘው ሳይት ግን ከጣሊያን ዘመን በወረሰው ቃል ነው የሚግባባው። የብረቱ ማሰሪያ ስታፋ፣ የአርማታው ቅርጽ ማስያዣ ካሳ ፎርማ፣ የወለሉ ንጣፍ ሶሌታ፣ የሲሚንቶው ማለስለሻ ሊሾ ነው፤ የሥራው ኃላፊ ካቦ ነው። ማሽን ክፍል ከገባም ቺንጊያ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶና ካቻቢቴ ይጠብቁታል። አንድ ተማሪዬ በመጀመሪያው ቀን ካቦው «ቱንቢውን አቀብለኝ» ሲለው ምን እንደሆነ ባለማወቁ ዝም ብሎ ቆመ፤ ቱንቢ ግንቡ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት ባለ ክብደት ገመድ ነው፤ ስሙም እንኳን የጣሊያን ሊሆን የገዛ አማርኛችን ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሠራተኞቹ «ኢንጂነሩ» እያሉ ይስቁበት ስለነበር ለሦስት ሳምንታት ወደ ሥራው ሳይጠጋ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ያን ያህል ጊዜ የበላበት አንድ ቃል ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከግቢው ወይም ከከተማው አንድ ልምድ ያለው ግንበኛና አንድ ፌራዮ ለግማሽ ቀን ከነመሣሪያቸው ጋብዘው፣ የቀን አበላቸውን ከፍለው፣ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ እየጠሩ እንዲያሳዩ ያድርጉ። ተማሪዎቹም እየነኩ ይጻፉ። በዚሁ አጋጣሚ ሙያተኛን እንደ አስተማሪ መቁጠርን ይለምዳሉ፤ ሳይት ላይ የሚያስተምራቸው ሰው ብዙውን ጊዜ ዲግሪ የሌለው ነውና። ተማሪው የሚመደብበት አካባቢ ሕዝብ አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ሰላምታን፣ ቁጥርን፣ «ተጠንቀቅ»ንና «አልገባኝም»ን የሚያህሉ ጥቂት ቃላት ከክፍል ጓደኞቹ ተምሮ ይሂድ። በግቢው ውስጥ የዚያ ቋንቋ ተናጋሪ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ።

ስለተቀዱት ሪፖርቶች ያነሡት ቅሬታ ተማሪዎቹን ብቻ የሚያስወቅስ አይመስለኝም። «የድርጅቱ ታሪክ፣ ራእይና ተልእኮ፣ የድርጅቱ መዋቅር» ብሎ የሚጀምር የሪፖርት ቅጽ ሰጥተን ሲያበቃ እንዳይቀዳ መጠበቅ ይከብዳል። እኔ ሪፖርቱን አሳጥሬ ክብደቱን በዕለት ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አድርጌዋለሁ፤ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ራሱ የለካው ነገር፣ አንድ በእጁ የሣለው ንድፍና አንድ ሰው ጠይቆ ያገኘው መልስ ይገኝበታል። አንዲት ተማሪ ያመጣችው ደብተር እስካሁን ከጠረጴዛዬ አልተነሣም። በሦስተኛው ቀን ገጽ ላይ የአሸዋና የጠጠር መስፈሪያ ሣጥኑን በሜትር ለክታዋለች፤ 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 40 ሊትር። ከሥሩ «አሸዋው በሣጥኑ ልክ ተደልድሎ ይሰፈራል፣ ጠጠሩ ግን ሁለት ጣት ያህል ይቆለላል» ብላ ሣጥኑን ከነቁልሉ ሥላዋለች። ቀጥላም ውኃው በባልዲ ሲጨመር አይታ መጠኑን ስትጠይቅ ሠራተኛው «እንደ አሸዋው ነው» እንዳላት ጽፋለች። መልሱን ንቃ አለማለፏ ደስ አሰኘኝ፤ እርጥብ አሸዋ የራሱን ውኃ ይዞ ስለሚመጣ ሰውየው ያለው ነገር እውነትነት አለውና። ከሁለት ቀን በኋላ ባለው ገጽ ላይ የአርማታውን ቅጥነት የሚለኩበት ባለ 30 ሳንቲ ሜትሩ ሾጣጣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ እንዳገኘችው፣ አስፈቅዳም እንደለካችበት ተጽፏል። እንዲህ ያለውን ገጽ ከማን ይቀዱታል? ይህ ልማድ ግን ሳይት ላይ በድንገት አይበቅልም። ጥር ውስጥ በግቢው የሚሠራ አንድ ሕንፃ አይጠፋምና ተማሪዎቹን ለሦስት ቀን እየላኩ ደብተር ያስጽፏቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች «ዛሬ የኮለን ሥራ ተመለከትን» በሚል ይሞላሉ፤ እነርሱን መልሰው «ስንት ኮለን? ስንት ሰዓት ፈጀ? ማን ነገረህ?» እያሉ ያርሟቸው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ ልምጣ። ዓይኑ የተከፈተ ተማሪ ስሕተት ያያል። ፕላኑ ላይ ስታፋው በየ15 ሳንቲ ሜትር እንዲታሰር ተጽፎ ሳለ ፌራዮው በየ20 ሲያስር ይመለከታል፤ ይህም በ3 ሜትር ኮለን ላይ 21 ይሆን የነበረው ስታፋ ወደ 16 ወረደ ማለት ነው። ምን ያድርግ? አንዳንዱ ተማሪ ሠራተኞች ፊት ጮኾ ይናገርና በማግሥቱ ከሳይቱ ይባረራል፤ አብዛኛው ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ ይህን ዝምታ ደግሞ ተመርቆ ከወጣም በኋላ ይዞት ይኖራል። እኔ ተማሪዎቼን የማለማምዳቸው መጀመሪያ ፕላኑን ደግመው እንዲያዩ ነው፤ ያላወቁት የማሻሻያ ትእዛዝ ሊኖር ይችላልና። ከዚያ ሳይት ኢንጂነሩን ለብቻው ሲያገኙት «እዚህ ጋ 15 የሚል አንብቤ ነበር፣ የተለወጠ ነገር ካለ እንድረዳው ነው» ብለው በጥያቄ መልክ ያቅርቡ። ምላሹን ይጻፉ፤ ካላረካቸው ለአማካሪ መምህራቸው ይንገሩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመምህሩ ኃላፊነት እንጂ የተማሪው አይደለም። የሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካለ፣ ለምሳሌ ያልተደገፈ ጥልቅ ጉድጓድ ወይም የላላ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ሲያዩ፣ ማስፈቀድ ሳያስፈልግ ከቦታው ይውጡ፤ ሌላውንም ያስጠንቅቁ፤ ወዲያው ይደውሉ። ይህን ሁሉ በንግግር ብቻ አይንገሯቸው። አንድ መምህር ካቦ፣ ሌላው ሳይት ኢንጂነር ሆነው ተማሪው ፊት ለፊት ቆሞ ይሞክረው። መጀመሪያ ሁሉም ይስቃሉ፤ አምስተኛው ተማሪ ላይ ሲደርሱ ሳቁ ይቆማል።

ልምምዱን አቋርጠው ስለመጡት ሁለት ሴት ተማሪዎች ምክንያቱን አልጻፉልኝም፤ ምናልባት ማንም አልጠየቃቸው ይሆናል። ምድቡ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም ጠርተው ቢያነጋግሯቸው ለዘንድሮዎቹ ከእኔ ምክር የበለጠ ነገር ይነግሩዎታል፤ ቢቻል የምታነጋግራቸው ሴት መምህርት ትሁን። እስከዚያው እኔ የማውቀውን ልናገር። ብዙ ሳይቶች ላይ ለሴት የተለየ መጸዳጃ ቤት የለም፤ ልጅቷ ይህንን ለመናገር ስለምታፍር ሙሉ ቀን ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። ማደሪያ ፍለጋ ብቻዋን በማታውቀው ከተማ መንከራተት ይደርስባታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ውጤቷን የሚሞላው ሰው ያልተገባ ነገር ሲጠይቃት ነው። ስለዚህ ሴት ተማሪዎች ብቻቸውን ወደ አንድ ሳይት አይመደቡ፤ የማደሪያውና የመጸዳጃው ጉዳይ ከምደባው በፊት በስልክ ይጣራ፤ በማንኛውም ሰዓት ሊደውሉላት የሚችሉ አንዲት መምህርት ስሟና ቁጥሯ ይሰጣቸው። «ቦታ ቀይሩልኝ» ያለች ተማሪም ማስረጃ ሳትጠየቅ፣ ውጤቷም ሳይነካ በሳምንት ውስጥ ትዛወር። ይህ መብት እንዳላቸው ደግሞ ወንዶቹም በተሰበሰቡበት በይፋ ይነገር። በዚህ ጉዳይ «እንዳያላግጡበት» የሚል ክርክር ከባልደረቦችዎ ሊነሣ ይችላል፤ እኔ ግን አንድም ሲያላግጥ አላየሁም።

ምደባውን በሚመለከት አጭር አስተያየት አለኝ። ተማሪዎቹ ሁሉ አዲስ አበባን ወይም ዘመድ ያለበትን ከተማ ይፈልጋሉ፤ በዚህ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን አምስትና ስድስት ሆነው አንድ ሳይት ላይ ከሰፈሩ እርስ በርሳቸው እያወሩ ይውላሉ እንጂ ከሠራተኛው ጋር አይቀላቀሉም። በአንድ ሳይት ሁለት ይበቃሉ። ከድርጅቱ ጋር በሚለዋወጡት ደብዳቤ ላይ ተማሪውን የሚከታተለው ሰው ስም፣ ተማሪው የሚዘዋወርባቸው ክፍሎች፣ የራስ ቁርና የደኅንነት ጫማ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ አደጋ ቢደርስም የሚያሳክመው ማን እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። ተማሪው የድርጅቱ ደመወዝተኛ አይደለምና ያልተጻፈው ነገር ሁሉ በክፉ ቀን አከራካሪ ይሆናል። ስለ ገንዘቡም ያስቡ፤ ተማሪው ዶርሙንና ካፌውን ትቶ ሲወጣ የሚሰጠው የምግብና የማደሪያ ብር ዘግይቶ የሚገባ ከሆነ የመጀመሪያውን የቤት ኪራይ በብድር ነው የሚከፍለው፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ ደግሞ ስታፋ አይቆጥርም። ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር ያለውን ወረቀት አሁኑኑ ይጀምሩት፤ ቢያንስ የአንድ ወር ብር ከመውጣታቸው በፊት እጃቸው ይግባ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሥራ የሚቆምባቸው ቀናት ይኖራሉ። ሲሚንቶ ይጠፋል፤ ክፍያ ይዘገያል፤ በፋሲካ ሰሞን የቀን ሠራተኛው ወደየአገሩ ይገባና ሳይቱ ጭር ይላል፤ ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ የቁፋሮውን ሥራ ያጓትተዋል። ያልተነገረው ተማሪ ይህን እንደ ራሱ መጥፎ ዕድል ቆጥሮ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። የተነገረው ግን ለእንደዚያ ላሉ ቀናት የተዘጋጀ ሥራ ይዞ ይወጣል፤ ያለቀውን ክፍል ከፕላኑ ጋር እያመሳከረ ይለካል፤ ከኦፊስ ኢንጂነሩ ጋር የክፍያ ሰነድ ያዘጋጃል፤ ከመጋዘን ጠባቂው ጋር የገባና የወጣ ዕቃ ይቆጥራል። ሥራው ለምን እንደቆመም በደብተሩ ይጽፋል፤ በእኛ አገር የግንባታ አስተዳደር ትምህርት ግማሹ ያለው እዚያ ነውና።

ለዚህ ሁሉ ካለዎት ጊዜ አንጻር ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ በኅዳር ምደባውንና ደብዳቤውን፣ በታኅሣሥና በጥር የፕላኑን ልምምድ፣ የሙያተኞቹን ግማሽ ቀንና የደብተሩን ሙከራ፣ በመጨረሻም የታሰበውን ገለጻ። የአማካሪ መምህራን የጉብኝት መርሐ ግብርም ከወዲሁ ይስተካከል። በብዙ ትምህርት ክፍሎች መምህሩ የሚጎበኘው ሴሚስተሩ ሲጋመስ ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪው አንድም ቦታውን ይዟል፣ አንድም ጥላ ሥር ተቀምጦ ለምዷል። በጀቱ ለአንድ ጉብኝት ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጉብኝቱ በሦስተኛው ሳምንት ይሁን፤ መምህሩም ሳይቱ እንደደረሰ ከኃላፊው ጋር ቡና ከመጠጣቱ በፊት የተማሪውን ደብተር ይጠይቅ። ገጾቹ ባዶ ከሆኑ ከሳይት ኢንጂነሩ ጋር ሦስቱም በአንድነት ተቀምጠው ለቀጣዩ ሰኞ አንድ የተወሰነ ሥራ ለተማሪው ሳይሰጠው መምህሩ ወደ መኪናው አይመለስ።